የባለሙያ ምላሽ፦ «የካፌዬ አኳሪየም የጎመን መደብ መሰለ»

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ትንሽ ካፌ አለኝ። ደንበኛ ይስብልኛል ብዬ 240 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አስገጠምኩ። ውሃ ከገባበት ሰባት ሳምንት ሆነው። ሁለት ኔሞና አንድ ሰማያዊ ዳምሰል የሚባሉ ዓሣዎች አሉበት። በሦስተኛው ሳምንት አሸዋው ላይ ቡኒ አቧራ የመሰለ ነገር መጣ። አሁን እሱ ቀንሷል፤ ግን ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ፀጉር በቀለ። አሸዋው ጥግ ላይ ደግሞ ቀይ ልጥፍ ያለ ነገር ጀምሯል። ደንበኞቼ ‹የጎመን መደብ ነው እንዴ?› እያሉ ይስቁብኛል። መብራቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ካፌውን ስከፍት ይበራል፣ ማታ 3 ሰዓት ስዘጋ ይጠፋል። ውሃው ስለሚጎድል በየቀኑ 4 ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ እጨምራለሁ። አስተናጋጇ ጠዋትና ማታ ትመግባቸዋለች፤ ደንበኛም አንዳንዴ ዳቦ ይጥልላቸዋል። ናይትሬት ስመረምር ዜሮ ነው የሚለኝ። አንዱ በረኪና ጠብ አድርግበት አለኝ። ሌላው ውሃውን ደፍተህ እንደ አዲስ ጀምር ይላል። ሦስተኛው ሦስት ቀን ሸፍነህ በጨለማ አቆየው አለኝ። የቱን ልስማ? ደግሞ አንዱ ድንጋይና መስታወቱ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች አሉ። እነሱንም ልፋቃቸው?»

ምላሽ

ወንድሜ፣ ከሦስቱ መካሪዎችህ አንዱንም አትስማ። የመጀመሪያው ዓሣዎችህን ይገድልብሃል። ሁለተኛው የሰባት ሳምንት ድካምህን ያስደፋሃል። የሦስተኛው ምክር ሌላ ቦታ ያስኬዳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን አደጋ አለው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

በመጀመሪያ ተረጋጋ። አኳሪየምህ አልታመመም። ሰባት ሳምንት የሆነው የባሕር ውሃ አኳሪየም እንዲህ ነው የሚመስለው። ያንተ ትንሽ የባሰው በውሃው፣ በመብራቱና በምግቡ ነው። ሦስቱንም ራስህ ጽፈህልኛል።

ነገሩን ከእርሻ ጋር ላያይዝልህ። ጦም ያደረ መሬት ላይ መጀመሪያ የሚበቅለው ምንድን ነው? አረም ነው። ገብሱ ጥቅጥቅ ብሎ ከበቀለ በኋላ ግን አረሙ ቦታና ብርሃን ያጣል። አዲስ አኳሪየምም እንደዚያው ነው። ድንጋዩ ባዶ ነው፣ አሸዋው ባዶ ነው፣ መስታወቱ ባዶ ነው። ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል። አልጌ፣ ማለትም ያ የምታየው ዋቅላሚ፣ ደግሞ ፈጣን ነው። ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ግን ቀርፋፋ ናቸው። የዓሣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ይህ ሰንሰለት ቆሞ እስኪሄድ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ያንተ ሰንሰለት ገና ቆሞ መሄድ መጀመሩ ነው። ውሃውን ደፍተህ እንደ አዲስ ጀምር የሚለው ምክር፣ ድክ ድክ ማለት የጀመረን ልጅ መልሶ ማስተኛት ነው። ድፍት አድርገህ ብትጀምር ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ቡኒ አቧራ ይመጣል። ከዚያ ያው አረንጓዴ ፀጉር።

ቡኒው አቧራ ዲያቶም ይባላል። ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ ነው፤ መስታወት ከሚሠራበት ነገር ማለት ነው። ውሃው ውስጥ ያለውን ሲሊካ ሲጨርስ ራሱ ይጠፋል። ያንተም የቀነሰው ለዚህ ነው። አንተ ግን በየቀኑ አዲስ ሲሊካ እየቀለብከው ነው። እንዴት? በቧንቧ ውሃው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከጻፍክልኝ ሁሉ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። ከአኳሪየም የሚተነው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው። ጨው አይተንም። ናይትሬት አይተንም። ሌላው የአልጌ ማዳበሪያ ፎስፌትም፣ ሲሊካም አይተኑም። ወጥ እሳት ላይ ሆኖ እየመጠጠ ሲሄድ በጨው ውሃ እየሞላህ ብታንተከትከው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። አንተም ያደረግከው ይህንኑ ነው። 4 ሊትር በቀን፣ ለ49 ቀን፣ 196 ሊትር ይሆናል። አኳሪየምህ 240 ሊትር ነው። ሙሉ ገንዳውን ሊያክል ትንሽ የቀረው የቧንቧ ውሃ ጨምረሃል ማለት ነው። ውሃው ተንኖ ሄደ፤ የያዘው ሁሉ ግን እዚያው ቀረ።

የቧንቧው ውሃ መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ለሰው የሚጠጣ ውሃና ለባሕር ፍጥረት የሚሆን ውሃ ለየቅል ናቸው። የሰሜን ሸዋ ደጋ በአብዛኛው የተቀመጠው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሊካ ይዞ የመውጣት ጠባይ አለው። አንተና እኔ ብንጠጣው ምንም አንሆንም። ዲያቶም ግን ድግስ ይሆንለታል። ክሎሪንም አለ። ለጀርም የተጨመረው ክሎሪን ጥሩውን ባክቴሪያም ይጎዳዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራህ የምትጨምረውን ውሃ መቀየር ነው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን ማጣሪያ ግዛ፣ ወይም ካለው ሰው ውሃውን በጄሪካን ግዛ። ቲዲኤስ ሜትር የሚባል ትንሽ መለኪያ አለ። ጣት የሚያህል ነገር ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን ያሳይሃል። የምትጨምረው ውሃ ላይ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር እንዲያሳይ ነው የምትፈልገው። የማጣሪያው መጨረሻ ላይ ዲአዮናይዘር የሚባል ክፍል ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ሲሊካን በደንብ የሚይዘው እሱ ነው።

አሁን ስሜህን ሳላውቅ ሐሳብህን ገመትኩ። «የዝናብ ውሃስ?» ትላለህ። ደጋ ነው፣ ዝናብ አለ፣ ነፃ ነው። ግን ዝናቡ የሚወርደው በቆርቆሮ ላይ ነው። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ ደግሞ ለቀንድ አውጣ፣ ለሸርጣንና ለኮራል መርዝ ነው። ተወው። የመኪና ባትሪ ውሃ የሚገዙም አይቻለሁ። ዲስቲልድ የተባለው እውነት ንጹህ ከሆነ ይሠራል። ግን አሲድ ያለበትም በተመሳሳይ ዕቃ ይሸጣል። እሱን በስህተት ከገለበጥክ ምክር የምትጠይቅበት አኳሪየም አይኖርህም። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ለጊዜው ከቧንቧ ሊሻል ይችላል፤ መለያው ላይ ናይትሬቱን አይተህ፣ በሜትሩ ለክተህ ነው ታዲያ።

ወደ መብራቱ እንሂድ። ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 3 ሰዓት፣ 14 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ የካፌው መስኮት አለ። ከተማችሁ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ነው ደብረ ብርሃን የተባለችው ይባላል። አኳሪየምህ ግን ይህን ያህል ብርሃን አልጠየቀም። ኮራል የለህም። ዓሣዎቹ ለማየት የካፌው ብርሃን ይበቃቸዋል። 14 ሰዓት ሙሉ ከመብራቱ የሚጠቀመው አልጌው ብቻ ነው።

ታይመር ግዛ። በቀን 6 ሰዓት ብቻ ይብራ። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ብታደርገው ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት ያምራል፣ ጠዋት ላይ ደግሞ ያርፋል። መብራትህ ቀለም የሚመርጥ ከሆነ ነጩንና ቀዩን ቀንስ። ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ጎን ካለ ከውጭ በጥቁር ካርቶን ሸፍነው። የደጋ ፀሐይ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ብትገባ እንኳ ከመብራትህ የበለጠ ልትሠራ ትችላለች።

ምግቡ አጭር ነው። ዳቦ ይቁም። ዳቦ ለኔሞ ምግብ አይደለም፣ ውሃ ውስጥ በስብሶ ማዳበሪያ ነው የሚሆነው። «እባክዎ ዓሣዎቹን አይመግቡ» ብለህ ለጥፍ። የሚያነብ ከጠፋ ክዳኑን ግጠም። ሦስት ትናንሽ ዓሣዎች በቀን አንዴ፣ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ይበቃቸዋል። በረዶ የሠራ ምግብ ከሆነ በማጥለያ ላይ አቅልጠህ ፈሳሹን ድፋው፤ ፎስፌት አለበት። አስተናጋጇን አትውቀሳት። ዓሣ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል፣ የሚያታልለን እሱ ነው። (በነገራችን ላይ ዳምሰሉ ሲያድግ ኔሞዎቹን ማሳደዱ አይቀርም። የሌላ ቀን ራስ ምታት ነው።)

«ናይትሬት ዜሮ ነው» ላልከው፦ መመርመሪያህ አልዋሸህም። ግን ናይትሬቱ የለም ማለት አይደለም፤ አልጌው ሆድ ውስጥ ነው። አልጌው ከውሃው ላይ እየነጠቀ ስለሚበላው ለመመርመሪያው የሚተርፍ የለም። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። «ዜሮ ነው፣ ታዲያ ከየት በቀለ?» ይላሉ። ሣሩን አይተህ መሬቱ ማዳበሪያ እንዳለው ማወቅ አለብህ። ደግሞ ዜሮን ግብ አታድርገው። ናይትሬት ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም በሊትር፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ቢሆን ደህና ነው። ሁለቱንም በኬሚካል ጠርገው ባዶ የሚያደርጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል፣ ንፍጥ የመሰለ፣ አየር አረፋ የተሞላ ነገር ይመጣባቸዋል። ያ ከመጣ የአሁኑን ጎመን መደብ ትናፍቀዋለህ።

አሁን እጅህን የምታስገባበት ክፍል። አዲስ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ቀጭን ጎማና ሁለት ባልዲ ያዝ። ፓምፑንና ሂተሩን ከሶኬት ንቀል። ይህን እንዳትረሳው፤ ውሃው ሲጎድል ሂተሩ ከውሃ ወጥቶ ከጋለ ይሰነጠቃል። በጎማው ውሃ እየሳብክ ወደ አንዱ ባልዲ አውርድ። አንድ ወይም ሁለት ድንጋይ አውጥተህ በዚያው በተወገደው የጨው ውሃ ውስጥ በብሩሹ ፈትገው። ፀጉሩን ከሥሩ ንቀለው፤ ቢላጭ መልሶ ያድጋል። ከዚያ ሌላ ንጹህ የጨው ውሃ ውስጥ አለቅልቀህ መልሰው። ሁሉንም ድንጋይ በአንድ ቀን አትንካ።

ይህን የምልህ ከራሴ ስህተት ነው። ገና ስጀምር አንድ ደንበኛዬ ቤት የነበረ አኳሪየም እንዳንተው አረንጓዴ ሆነብኝ። አፈርኩ። እሁድ ጠዋት ድንጋዩን ሁሉ አውጥቼ፣ ቧንቧ ሥር፣ በሽቦ ብሩሽ ነጭ እስኪሆን ፈተግኩት። ሲያበራ! ባለቤቱ ሻይ ጋበዘኝ። ረቡዕ ደወለ። ሁለት ዓሣዎች ተገልብጠው ተንሳፍፈዋል። ለካ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት ድንጋዩ ላይ ነበር፤ በክሎሪንና በብሩሽ ጨርሻቸዋለሁ፣ አሞኒያው ወጣ። አልጌውስ? በወሩ ተመለሰ። ከበፊቱ ይልቅ ወፍሮ።

በረኪናም በአንድ ጠብታ የሚያደርገው ያንኑ ነው። አልጌውን፣ ባክቴሪያውንና የዓሣውን ስንጥብ አይለይም። በረኪና የምትጠቀመው ባዶ ዕቃ ለማጠብ ብቻ ነው፤ አለቅልቀህ፣ አድርቀህ፣ ሽታው ጨርሶ ከጠፋ በኋላ። ለኩሬ ዋቅላሚ ኮፐር ሰልፌት የሚመክርህ ሰውም ሊመጣ ይችላል። መዳብ ከድንጋይና ከአሸዋ ውስጥ በቀላሉ አይወጣም። አንዴ ካስገባህ ቀንድ አውጣና ሸርጣን ለማኖር ትቸገራለህ።

በሳምንት አንዴ 30 ሊትር ያህል ውሃ ለውጥ። አዲሱን ውሃ ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጅ። ለ30 ሊትር የተጣራ ውሃ 1 ኪሎ ከ100 ግራም ያህል የባሕር ጨው ይገባል። በፓምፕ እያማሰልክ፣ እያሞቅክ አሳድረው። ጨዋማነቱ 35 ግራም በኪሎ፣ በጨው መለኪያው 1.025 ወይም 1.026 ይሁን። የምልህ ጨው ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ነው። እሱ ሲያልቅብህ አሞሌ ለመፍጨት እንዳትፈተን። ባሕር ውስጥ ካለው ጨው 85 በመቶው ገደማ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የቀረው ሰልፌት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም እያለ ይሄዳል። የአፋር ጨው ወጡን ያጣፍጣል እንጂ ባሕር አይሆንም።

ቀዩ ልጥፍ ነገር ሌላ ፍጥረት ነው። እውነቱን ለመናገር አልጌም አይደለም፤ ሳይኖባክቴሪያ ነው። ለማወቅ በጣትህ ሞክረው። እንደ ወተት ስልባቦት አንድ ላይ ተነስቶ ከመጣ እሱ ነው። የሚወደው ውሃ የማይንቀሳቀስበትን ጥግ ነው፤ ያንተም ጥግ ላይ ነው የጀመረው። በጎማው ሳበው፣ ከዚያ አንዱን ፓምፕ ወደዚያ ጥግ አዙረው። ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃዋል። «ኤሪትሮማይሲን ፈትተህ ጨምርበት» የሚል ምክር ታገኛለህ። ይገድለዋል፣ እውነት ነው። ግን አንቲባዮቲክ ነው፤ ባክቴሪያህንም ሊነካው ይችላል። የሞተው ነገር ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅን ይጨርሳል። ኦክስጅን ደግሞ ላንተ የተለየ ጉዳይ ነው።

ቅድም «ደብረ ብርሃን ላይ አደጋ አለው» ያልኩህ እዚህ ላይ ነው። ከተማህ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 30 በመቶ ያህል ያንሳል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ጅቡቲ ላይ ቢሆን ቢበዛ 6.7 ሚሊግራም በሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አንተ ካፌ ውስጥ ግን 4.8 ያህል ሲደርስ ሞላ ይባላል። ዓሣዎችህ የባሕር ልጆች ናቸው። አንተ ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገት ስታስወጣው እንደሚያለከልክ አስብ።

አልጌ ቀን ቀን ኦክስጅን ያመርታል። ጨለማ ሲሆን ግን እሱም እንደኛው ኦክስጅን ይጠቀማል። ሦስት ቀን በጨለማ ብትሸፍነው ሦስት ቀን ሙሉ እየተጠቀመ ይከርማል። ሲሞት ደግሞ ይበሰብሳል፤ የሚያበሰብሰው ባክቴሪያም ሌላ ኦክስጅን ይፈልጋል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ይህን ኪሳራ ይችለዋል፤ ትርፍ አለው። አንተ ትርፍ የለህም። ጠዋት ሸፋኑን ስትገልጥ ዓሣዎቹን ላይኛው ውሃ ላይ አፋቸውን ከፍተው ልታገኛቸው ትችላለህ።

ስለዚህ ከምታስገባው ኬሚካል ሁሉ በፊት ውሃውን አናውጠው። አንዱን ፓምፕ ወደ ላይ አቅንተህ የውሃው ገጽ ሌሊቱን ሙሉ ይታመስ። ፕሮቲን ስኪመር ከሌለህ ቀጣዩ ገንዘብህ እሱ ላይ ይዋል። ቆሻሻውን ወደ ናይትሬት ሳይቀየር በአረፋ ያወጣልሃል፣ በዚያውም አየር ያስገባል። ለደጋ ሰው ሁለት ዕቃ በአንድ ዋጋ ነው። ታዲያ የአየር መሳቢያው ቡና ከሚፈላበት ቦታ ይራቅ። የከሰሉ ጋዝና የዕጣኑ ጭስ በቱቦው ቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባል። ካፌው በብርድ ቀን ተዘግቶ ሰውና ከሰል ሲሞላውም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የውሃውን ፒኤች ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ውሃው ወደ አሲድነት ያደላል ማለት ነው። ጠዋት ስትከፍት መስኮቱን ለአንድ ሩብ ሰዓት ክፈተው።

ስለ ብርዱ አልጠየቅከኝም፣ ግን ልጨምርልህ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ፣ ካፌው ተዘግቶ ሲያድር፣ አንድ ሂተር ብቻውን አይችለውም። ሁለት ባለ 200 ዋት አድርግ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያሳድርልሃል። ውሃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን። ውሃው ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያው ይደነዝዛል፤ አልጌው ግን ብዙም ግድ የለውም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ገንዳውን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለው፤ የመንዝ ባና ካለህ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ከላይ ግን ክፍት ተወው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አንድ ሁልጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይኑርህ።

ቀንድ አውጣ አምጣ ይሉሃል። እኔም እልሃለሁ፣ ግን አሁን አይደለም። ትሮከስና ቱርቦ የሚባሉት ጎበዝ በሊታዎች ናቸው። ከውጭ በአውሮፕላን የሚመጡ ስለሆኑ ውድ ናቸው፤ ረጅም ፀጉር ሲሆንም ብዙ ጊዜ አይነኩትም። የሚወዱት አጭሩን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንተ በብሩሽ አሳጥር፣ ከዚያ እነሱ ይጨርሱት። ከስድስት እስከ ስምንት ይበቃሃል። ሃምሳ አስገብተህ ምግብ ቢያልቅባቸው ሞተው እነሱም ማዳበሪያ ይሆናሉ። ከበሬሳ ወንዝ ለቅመህ እንዳታስገባ ብቻ፤ የጨው ውሃው በሰዓታት ይጨርሳቸዋል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? የምትጨምረውን ውሃ ዛሬ ከቀየርክ የቀረው ቡኒ አቧራ በሁለት ሦስት ሳምንት ይጠፋል ብዬ እገምታለሁ። ቀዩም ፓምፑ ከዞረ በኋላ እንደዚያው። አረንጓዴው ፀጉር ግን ግትር ነው። ድንጋዩ ራሱ ፎስፌት መጥጦ ስለያዘ ቀስ እያለ ይለቃል። ሁለት ሦስት ወር አስብ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም የተለወጠ አይመስልህም፣ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ያኔ ነው ሰው በረኪናውን የሚያነሳው። በየሳምንቱ እሁድ በአንድ ቦታ ቆመህ በስልክህ ፎቶ አንሳው። ዓይንህ በየቀኑ ስለሚያየው ለውጡን አይይዝልህም፣ ፎቶው ይይዝልሃል።

ወይን ጠጅ ነጠብጣቦቹን አትንካቸው። እነሱም አልጌ ናቸው፣ ግን ልትጠብቀው የሚገባህ ዓይነት። ኮራላይን ይባላሉ። ካልሲየም እየተጠቀሙ እንደ ኖራ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ድንጋዩ ላይ በተነጠፉ ቁጥር ፀጉሩ የሚይዘው ቦታ ያጣል። ቅድም ያልኩህ ገብስ ማለት እነሱ ናቸው። ከድንጋዩ ጋር ከሌላ አኳሪየም የመጡ ይመስለኛል፤ ዕድለኛ ነህ። ያንን ድንጋይ በብሩሽ አትፈትገው፣ ፀጉሩን በጣትህ ብቻ ንቀልለት። የፊት መስታወቱ ላይ ያሉት ለዓይን ካስቸገሩህ ግን ያንን ብቻ በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ፋቀው። የሚወድቀው ብናኝ እዚያው ይቅር፤ ሌላ ድንጋይ ላይ አርፎ ሊበቅል ይችላል።